እምቢ ያለ ሰው የት ይደር?

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። ከጉና ተራራ በስተምዕራብ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ከጅምሯ የባለጉልበት መቀመጫ ነበረች፤ በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ ዘውድ ደፍተው ሲቀመጡ፣ የሚሾመውና የሚሽረው ራስ ደብረ ታቦር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በዚህች ከተማና በዙሪያዋ፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከፎገራ እስከ ስማዳ፣ ሥልጣንን እምቢ ያለ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ባላገሩ በግብር፣ ካህኑ በመሬትና በሃይማኖት፣ መኳንንቱ በሹመት፣ ተማሪው በርዕዮተ ዓለም እምቢ ብሏል። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ቃሉን በአደባባይ ተናግሮ፣ ረታም ተረታ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያድርበት ሥርዓት። ይህ በሌለበት አገር ለተቃዋሚ የሚተርፉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ዝም ማለት ወይም ጫካ መግባት። የደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ ገዢዎች ሦስተኛውን መንገድ በዘጉ ቁጥር ዝም ያለው ሰው ውሎ አድሮ ጫካ እንደገባ፣ ከጫካ የተመለሰውም ሲሾም ያንኑ መንገድ መልሶ እንደዘጋ ያሳያል።

የመጀመሪያው ምስክር ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ካሣ ኃይሉ ተብለው ቋራ ላይ ሸፍተው የኖሩ፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አድርገው የየጁዎችን ዘመን የዘጉ፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም የነገሡ ሰው ናቸው። ከነገሡ በኋላ ትልቁ ጭንቀታቸው ሠራዊቱ ምን ይብላ የሚል ነበር። ያን ጊዜ ወታደር ደመወዝ የለውም፤ በደረሰበት ገበሬ ቤት ገብቶ፣ ጎታውን አራግፎ፣ በጉን አርዶ ይበላል። ንጉሡ ይህን ማስቀረት ፈለጉ። ለዚያ መሬት ያስፈልጋል፤ ከመሬቱ ብዙው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። በ1848 ካህናቱን ሰብስበው ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባርና ለወታደር ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ካህናቱ ተከራከሩ፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው ብለው አልቀበል አሉ። ንጉሡም ነገሩን ለጊዜው ተዉት። በዘመናቸው ከተሠራው ሁሉ ይህ ስብሰባ ብዙም አይወሳም፤ እኔ ግን ከመድፉም ከጦርነቱም በላይ ልናስታውሰው የሚገባ ይመስለኛል። አንድ ንጉሠ ነገሥት ትልቅ የመንግሥት ጉዳይ ይዘው ቀርበዋል፤ ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ፊት ለፊት ተቃውመዋል፤ ክርክሩም ያለ ጦርነት ለሌላ ቀን ተላልፏል።

ሌላው ቀን ግን የክርክር ቀን አልሆነም። በ1852 ዓ.ም. ንጉሡ መሬቱን በትእዛዝ ወሰዱት። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። ቴዎድሮስ ልክ ነበሩ፤ ካህናቱ የጥቂቶችን ጥቅም ሲጠብቁ እሳቸው ለተራበው ወታደርና ለተዘረፈው ገበሬ አስበዋል፤ ስለዚህ ያን ዓይነቱን እምቢታ በጉልበት መስበር ተገቢ ነው የሚል። ሐሳባቸው ልክ እንደነበር እኔም አልክድም። ሐሳቡ ልክ መሆኑ ግን የሚያስገድዱት ሰው እንዲያምን አላደረገውም። ካህኑ ደብረ ታቦር ባለችበት በቤጌምድር ማለት የእያንዳንዱ ባላገር ንስሐ አባት፣ ጸሐፊው፣ አስታራቂው ነበር። በየቤቱ የሚገባና የሚታመን ሰው መድረኩን ሲነጠቅ ነገሩን በየጓዳው ነው የሚያወራው። በ1856 ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ራሳቸው መቅደላ ታሠሩ፤ እዚያው እንደታሠሩ በጥቅምት 1860 አረፉ። በ1859 ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያኗ ተዘርፋ ተቃጠለች። ያን ጊዜ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ሸዋም በምኒልክ እጅ ገብቶ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ደብረ ታቦርንና መቅደላን የሚያገናኝ መንገድ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ጊዜ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ይሠሩ ነበር። ትልቁ ሴባስቶፖል ይባላል፤ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሱ። በደጋው መንገድ አልነበረም፤ በደረሱበት መንገድ እየተቆረጠ፣ ድንጋይ እየተነሳ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ በጋይንትና በዋድላ በኩል አልፈው ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ ገደል በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየሳበና እየያዘ አወረደው፤ መልሶም አወጣው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በየማታው ደግሞ ወታደር ይከዳ ነበር። በአሥር ሺዎች ይቆጠር ከነበረው ሠራዊት መጨረሻ ላይ የቀረው አሥር ሺህ ገደማ ነው ይባላል። ተቃውሞውን ለመናገር መብት ያልነበረው ሰው ተቃውሞውን በእግሩ ተናገረ። የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነስቶ እስከ መቅደላ ሲደርስ በመንገዱ ያሉት መሳፍንት ከመውጋት ይልቅ አሳለፉት፤ ስንቅም ሸጡለት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። አገር በጠላት ሲከበብ የተቃዋሚን አፍ መዝጋት ግድ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም፤ አፉ ተዘግቶ የኖረ አገር ጠላት ሲመጣ አብሮ አልቆመም።

ዐፄ ዮሐንስ ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት፤ የግብፁን መልእክተኛ ጎርደንንም በ1872 ዓ.ም. የተቀበሉት እዚያ ነው። ከእሳቸው ዘመን ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። በ1870 የሃይማኖት ክርክር በጉባኤ እንዲታይ አደረጉ፤ የጉባኤው ፍጻሜ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የተረቱት ወደ ረታው ወገን እምነት እንዲገቡ ታዘዙ፣ አንገባም ካሉት ውስጥ ምላሳቸው የተቆረጠ ነበሩ፣ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ተገደዱ። ጉባኤ ብቻውን ነፃነት አይደለም ማለት ነው። ተረቺው ከጉባኤው በኋላ የሚሆነውን የሚያረጋግጥ ሕግ ያስፈልጋል።

ዴሞክራሲ ከውጭ የመጣ ልብስ ነው፣ ለእኛ ደጋ አልተሰፋም የሚል አስተያየት በአገራችን በተለያየ ቃል ሲነገር ይኖራል። መልሱን ለመፈለግ ከደብረ ታቦር መውጣት አያስፈልግም። በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ፣ የናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ንጉሥም ጳጳስም ሳይፈሩ ተናገሩ የሚባለው ቀልድ ስንቱ የእሳቸው፣ ስንቱ በስማቸው የተለጠፈ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ሕዝብ በራሱ አፍ ሊለው የፈራውን በእሳቸው አፍ ማስነገሩ ግን ራሱ ማስረጃ ነው። ቁም ነገሩ ከቀልዱ ይልቅ በዝማሬው በኩል ነው። አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የዝማሜ ስልት አውጥተው ሲያቀርቡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም ይባላል፤ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ይዘውት ደብረ ታቦር ላይ አስተማሩት፤ እነሆ የተክሌ አቋቋም ደብረ ታቦር ኢየሱስ ምስክር ቤቱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። የጎንደሩም አልጠፋም። ሁለቱ ስልቶች ጎን ለጎን ቆመው በየደብሩ ይዘመማሉ፤ አንዱ ሌላውን ለማጥፋት ጦር አልሰበቀም። በመጻሕፍት ትርጓሜም ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ወገኖች ለዘመናት ሳይስማሙ አብረው ኖረዋል። ይኸው ባላገር በመንገድ ሲጣላ በሕግ አምላክ ያለው ሰው ፊት የሚቆም፣ ጠቡን ለሽማግሌ የሚያቀርብ ነው። አለመስማማትን ማስተናገድ በዚህ ምድር የታወቀ ጥበብ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚቆመው።

የራስ ጉግሣ ወሌ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩ፣ ቤጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው የሚገዙ፣ ካህናትና መጻሕፍት የሚወዱ መኮንን ነበሩ። የራስ ተፈሪን ኃይል መጠቅለል፣ በተለይም በ1921 ንጉሥ ተብለው መሾማቸውን አልወደዱም። እንግዲህ የማይወድ መኮንን ምን ያድርግ? የሚናገርበት ሸንጎ የለም፤ አዲስ አበባ ቢሄድ ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ ያለው ወታደሩ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ከጦርነቱ በፊት በቤጌምድር ሰማይ ላይ አውሮፕላን መጣ፤ የጣለውም በመጀመሪያ ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ነው የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ ወደቁ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ራስ ጉግሣ የድሮው ሥርዓት ሰው ስለነበሩ ለተሸናፊነታቸው የሚያለቅስላቸው ዘመናዊ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ እኔም የነፃነት አርበኛ ላደርጋቸው አልፈልግም። ነገር ግን ከመንግሥት አውሮፕላን የወረደው የመጀመሪያ መልስ ውግዘት፣ ሁለተኛው ቦምብ መሆኑ የዘመኑን ሥርዓት ከነጉድለቱ ያስቀምጠዋል።

በዓመቱ በ1923 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። የሕዝብ እንደራሴ የሚባሉትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹሞች ነበሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በድምፁ እንዲመርጥ አደረገ፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም፣ ጋዜጣውም በሳንሱር ያልፋል። ስለዚህ የቤጌምድር ባላገር የሚያውቀው የመንግሥት በር አቤቱታ ነበር፤ ጽሕፈት የሚያውቅ ፈልጎ፣ አስጽፎ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወደ ንጉሡ ችሎት ይጓዛል። አቤቱታ ይቅርታን ይለምናል፣ በደልን ይከሳል፤ ሕጉ ራሱ ስሕተት ነው ለማለት ግን አይመችም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ብሂል በዚህ ኑሮ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ባላገር በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን ርስቴን ሊለካ ነው ብሎ በመሣሪያ እምቢ ሲል መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፣ በመጨረሻ ግን ግብሩን ተወ። የሁሉም ደጋ ገበሬ ይህን አይቷል። ወረቀት ሲጽፉ ያልሰማ መንግሥት ጠመንጃ ሲጮህ ሰማ፤ ትምህርቱን የሰጠው መንግሥት ራሱ ነው።

ከየካቲት 1966 አብዮት በኋላ የሆነው ለብዙ አንባቢ ቅርብ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ደርግ ክርክሩን በወራት ውስጥ ዘጋ፤ ከተማው ውስጥ የተደራጀው ወጣት በቀይ ሽብር አለቀ። ጎንደር ክፍለ ሀገርን ያስተዳደረው የሻለቃ መላኩ ተፈራ ስም በአካባቢው እናቶች ዘንድ ምን ትርጉም እንዳለው መጻፍ አያሻም፤ በኋላም በዚሁ ወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈርዶበታል። ከሞት የተረፈው ሸሸ፤ ከሸሸው አንዱ ክፍል በኅዳር 1973 የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴንን) መሠረተ። በየካቲት 1983 ኢሕዴን አባል የሆነበት ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ለመያዝ የከፈተውን ዘመቻ ቴዎድሮስ ብሎ ጠራው። ደብረ ታቦርን አቃጥለው የወጡትን ንጉሥ ስም ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ምድር የተመለሰ ዘመቻ ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ልዩ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ በጽሑፍ በግልጽ ተከፈተ። በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ነው የሚጠይቀው። የተጠየቀው ማሳወቅ ነው፤ ባለሥልጣኑ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ ሊል ይችላል እንጂ ፈቃድ ሰጪ አልተደረገም። በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን፣ በአንቀጽ 30 መሰብሰብንና ሰልፍን አረጋገጠ። በተግባር ግን የማሳወቂያው ደብዳቤ የፈቃድ ማመልከቻ ሆነ፤ መዝገብ ቤት ተቀባይ አጣ፤ የጸጥታ ኃይል እጥረት አለ የሚል መልስ የተለመደ ሆነ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በእርሻው በኩል የመጣው ነው። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በቀድሞ መንግሥታት ሹመት ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች ቢሮክራት ተብለው ይዞታቸው አንድ ሄክታር ገደማ ላይ ተወሰነ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ይፈቀድለት ነበር። በደላቸውን ለማሰማት በእግርም በመኪናም አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ቀበሌው መሬት የሚያከፋፍል፣ ማዳበሪያ የሚያድል፣ ብድር የሚያስፈቅድ፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በእነ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ እብናትና ስማዳ የሴፍቲኔት ዕርዳታ ስም ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሆነ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ያወጣው ሪፖርት ማዳበሪያና ዕርዳታ ተቃዋሚን ለመቅጣት እንደዋለ ከአማራ ክልል ጭምር የተሰበሰበ ምስክርነት ይዟል። ድምፁን የሰጠበት ሳጥን ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ዘሩን የሚዘራበት ማሳ ግን በቀበሌው ሊቀመንበር ዓይን ሥር ነው። ገበሬ ዳቦ እንጂ ዴሞክራሲ አልጠየቀም የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ዳቦው ራሱ በማን እጅ እንዳለ ከታየ ሁለቱን መለየት ይቻላል ወይ?

በግንቦት 1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባንና ከአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎችን ወሰደ። ውጤቱን የተቃወመው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ቀጥሎ የፀረ ሽብርና የሲቪክ ማኅበራት አዋጆች መጡ፤ በ2002 ከ547 መቀመጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ። አንድም ተቃዋሚ ያልገባበት ምክር ቤት በተመረጠ በዓመቱ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ላይ ከፍተኛ ሕዝብ ወጣ፤ ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ላይ በአንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰዎች እንደተገደሉ አምነስቲ ገለጸ፤ በዚያው ነሐሴ ደብረ ታቦርም አደባባይ ወጣች። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመላ አገሪቱ 669፣ ከዚህ ውስጥ በአማራ ክልል 140 ሰዎች መሞታቸውን ዘገበ። የመቶ በመቶ ምክር ቤትና የጎዳና ደም በአንድ ዓመት ውስጥ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይደለም። ሕዝቡ በአዳራሹ ውስጥ የሚናገርለት ሰው ቢኖረው አደባባዩ ያን ያህል ባልሞላ ነበር።

ተቃውሞው ውጤት አመጣ፤ በ2010 እስረኞች ተፈቱ፣ ስደተኞች ተመለሱ። ሆኖም ለተቃውሞ ቤት ሳይሠራለት ጊዜው አለፈ። ሰኔ 15 ቀን 2011 የጋይንት ተወላጁ የአማራ ክልል ፕሬዝዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ውስጥ በስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ ብዙ ግፍ ተፈጸመ፤ ደብረ ታቦር ላይም ከባድ መሣሪያ ወደቀ። መንግሥት ያን ጊዜ ታጠቅ ያለውን ሰው በመጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎችን ሲበትን ትጥቁን እንዲያስረክብ መጠየቁ ምን ያህል ጥርጣሬ እንደፈጠረ ለመረዳት የፖለቲካ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጥርጣሬው የሚነገርበት፣ የሚመረመርበት መድረክ ግን አልነበረም። ጥርጣሬው በክልሉ ወደ ውጊያ ተለወጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቢያንስ 183 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ የማይችሉትን መብቶች ሲዘረዝር ሐሳብን መግለጽና መሰብሰብ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የታገዱት እነሱ ናቸው። አዋጁ በጥር 2016 በአራት ወር ተራዘመ።

መንግሥት መሣሪያ የያዘን ኃይል የመመከት መብት አለው የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ የትም አገር መንግሥት ይህን ያደርጋል። ክርክሩ የማይሸፍነው ግን መሣሪያ ያልያዙትን ነው። በዚያው ሰሞን ከታሠሩት መካከል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለና የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ ዮሐንስ ቧያለው ይገኛሉ፤ ሁለቱም በየምክር ቤታቸው በንግግራቸው የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል፤ የእነሱ ያለመከሰስ መብት የተነሳው ግን ከታሠሩ ከወራት በኋላ ነው። በሰኔ 2016 ባሕር ዳር ላይ መንግሥትንና ታጣቂዎችን ያደራድር የተባለ 15 አባላት ያሉት የሰላም ካውንስል ተቋቋመ። ካውንስሉ ሁለቱን ወገኖች ወደ ጠረጴዛ ሲጠራ፣ ከሁለቱ ውጪ ሆነው በአዳራሽ ይከራከሩ የነበሩት ሰዎች እስር ቤት ነበሩ፤ ወደ ጠረጴዛው የተጠሩት ጠመንጃ ያላቸው ብቻ ሆኑ።